የማረፊያ ቤት ሠራተኛ የሥራ ኑሮና የባለቤቱ ግዴታ

ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ዕረፍት ቤት የሚከራይ እንግዳ ገንዘቡን የሚከፍለው ለግድግዳውና ለጣራው ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ከእርሱ በፊት ማንም ያልተኛበት የሚመስል አልጋ፥ ማንም ያልታጠበበት የሚመስል መታጠቢያ ቤት፥ ማንም ያልበላበት የሚመስል ሳሕን ይፈልጋል። ትናንት ግን በዚያው አልጋ ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ፥ በዚያው ሳሕን ሌላ ሰው በልቶ ነበር። እንግዲህ በትናንቱና በዛሬው እንግዳ መካከል ገብታ ቤቱን እንደገና አዲስ የምታደርግ አንዲት ሠራተኛ አለች ማለት ነው። ነጋዴው የሚሸጠውን ነገር የምታዘጋጀው እርስዋ ስትሆን፥ በብዙ ባለቤቶች የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ግን «ለጽዳት» ተብሎ ከሚጻፍ አንድ መስመር በቀር ስፍራ የላትም።

የዚህ ትምህርት ዓላማ የዚህችን ሠራተኛ ሥራ በዝርዝር ማሳየት፥ ሥራዋ የሚጠይቀውን ሰዓትና ዕውቀት በቁጥር መግለጥ፥ በመጨረሻም ሕጉ ስለ እርስዋ ምን እንደሚል ለባለ ማረፊያ ቤቶች ማስረዳት ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንዲት ሴት ለምሳሌ እናቀርባለን። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቢሾፍቱ፥ በባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ፥ 3 መኝታ ክፍልና 4 አልጋ ባለው አንድ የኪራይ ቤት 19 ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ ናት እንበል። ደመወዝዋም ለሒሳቡ እንዲቀለን በወር 4,160 ብር ይሁን።

1ኛ. የሥራው ጠባይ

የማረፊያ ቤት ሥራ ከሆቴል ሥራ የሚለይባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፥ በሆቴል አልጋ አንጣፊው፥ ልብስ አጣቢው፥ ወጥ ቤቱ፥ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ለየራሳቸው ሠራተኛ ሲኖራቸው፥ በማረፊያ ቤት እነዚህ ሁሉ በአንዲት ሴት እጅ የተጠቃለሉ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፥ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ከተማ ወይም በውጭ አገር የሚኖር ስለሆነ ሥራውን ቆሞ የሚያይ አለቃ አለመኖሩ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የአደራው ብዛት ነው። የሁሉም ክፍል ቁልፍ በእርስዋ መቀነት ላይ ይታሰራል። እንግዳው የረሳው ስልክ፥ ወርቅ፥ ፓስፖርት መጀመሪያ የሚገኘው በእርስዋ እጅ ነው።

ከዚህ የተነሣ ባለቤቱ የሚከፍለው ደመወዝ ለጉልበት ብቻ ሳይሆን ለታማኝነትም ጭምር መሆኑን ማወቅ ይገባዋል። ጉልበት ያለው ሰው በየቀኑ ሊገኝ ይችላል። 19 ዓመት ሙሉ አንድ ማንኪያ ሳይጎድል ቤት የጠበቀ ሰው ግን ዛሬ ተፈልጎ ነገ አይገኝም።

2ኛ. የመለዋወጫው ቀን

የዚህ ሥራ ዋናው ጭንቅ አንዱ እንግዳ ወጥቶ ሌላው በሚገባበት ቀን ነው። በብዙ ቤቶች የሚወጣው እንግዳ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ይለቅቃል፤ የሚገባውም ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ለሠራተኛዋ የሚቀርላት 4 ሰዓት፥ ማለትም 240 ደቂቃ ነው። አሁን ሥራውን በደቂቃ እናስላ።

አራቱን አልጋዎች ገፍፎ፥ ፍራሹን አይቶ፥ እንደገና ለማንጠፍ ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ብንሰጥ 60 ደቂቃ ይሆናል። ሁለቱን መታጠቢያ ቤቶች ለማጠብና ለማድረቅ ለእያንዳንዱ 30 ደቂቃ፥ በድምሩ 60 ደቂቃ ይሆናል። ወጥ ቤቱን፥ ምድጃውን፥ ማቀዝቀዣውንና ዕቃውን ለማጽዳት 50 ደቂቃ ያስፈልጋል። የወለሉ መጥረግና መወልወል 40 ደቂቃ፥ በረንዳውና ደጁ 20 ደቂቃ ይወስዳሉ። ጠቅላላው 230 ደቂቃ መሆኑ ነው። ለመቀመጥ፥ ምሳ ለመቅመስ፥ ወይም ጀርባን ለማቅናት የተረፈው 10 ደቂቃ ብቻ ነው። የልብስ አጠባው ገና በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ባለቤቱ በስልክ ሆኖ ለሚወጣው እንግዳ «ግድ የለም፥ እስከ 5 ሰዓት ይቆዩ» ያለ እንደሆነ፥ ከራሱ ኪስ ምንም ሳያወጣ የሰጠው የሠራተኛዋን አንድ ሰዓት ነው። እርስዋ በ180 ደቂቃ ውስጥ የ230 ደቂቃ ሥራ ለመሥራት ትገደዳለች። ከአልጋው ትቀንስ ወይስ ከመታጠቢያ ቤቱ? ከየትኛውም ብትቀንስ አዲሱ እንግዳ ያያል፤ ወቀሳውም የሚወርደው በባለቤቱ ላይ ሳይሆን በእርስዋ ላይ ነው። ስለዚህ መዘግየትን የሚፈቅድ ባለቤት ወይ የሚገባውን እንግዳ ሰዓት ማሸጋሸግ፥ ወይ ለዚያ ቀን ረዳት መቅጠር ይኖርበታል።

3ኛ. ልምድ የሚያስተምረው ዕውቀት

«ማጽዳት ማን ያቅተዋል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ለብዙ ዘመን የሠራች ሴት የምታውቀው፥ አዲስ የተቀጠረች የማታውቀው ብዙ ነገር አለ።

ሀ) ስለ ነጭ ልብስ። ደም የነካው አንሶላ በሙቅ ውሃ የታጠበ እንደሆነ ደሙ ከክሩ ጋር ይጣበቃል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ ይነከራል። የወጥ ቅባት ግን በተቃራኒው ሳሙናና ሙቅ ውሃ ይፈልጋል። የእርድ ቢጫነት ከታጠበ በኋላ ቀርቶ ቢታይ፥ ልብሱን ከነርጥበቱ ፀሐይ ላይ ማስጣት ቀለሙን ያደበዝዘዋል። በልብስ ላይ የፈሰሰ ሻማ አስቀድሞ በበረዶ ደርቆ ይፈረፈራል፤ የቀረውም በወረቀት ላይ ተደርጎ በመጠነኛ ሙቀት በካውያ ሲጫኑት ወረቀቱ ይመጠዋል።

ለ) ስለ ልብስ ብዛት። ለአንድ አልጋ ሦስት ሙሉ ልብስ ያስፈልገዋል፤ አንዱ አልጋው ላይ፥ አንዱ አጠባ ላይ፥ አንዱ ቁም ሣጥን ውስጥ። ለአራት አልጋ በአንድ ጊዜ 8 አንሶላ የሚነጠፍ ከሆነ፥ ቤቱ 24 አንሶላ ሊኖረው ይገባል። ባለቤቱ ለመቈጠብ ብሎ 12 ብቻ የገዛ እንደሆነ፥ ውሃ ወይም መብራት በጠፋ ቀን ሠራተኛዋ እርጥቡን አንሶላ በካውያ ስታደርቅ ትውላለች። የተቈጠበው ገንዘብ በእርስዋ ወገብ ተከፈለ ማለት ነው።

ሐ) ስለ ማጽጃ መድኃኒቶች። ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። በረኪና አሲድነት ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር የተቀላቀለ እንደሆነ ክሎሪን የተባለ መርዛም ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ቢቀላቀልም እንዲሁ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይፈጠራል። «ሁለቱ ሲደባለቁ ይበልጥ ያጸዳሉ» የሚለው አሳብ ፈጽሞ ስሕተት ነው። መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህን ያደረገች ሴት ዓይንዋ ያቃጥላታል፥ ትንፋሽ ያጥራታል፥ ሳልዋም ቶሎ ላይለቅቃት ይችላል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ በአንድ ማጽጃ ብቻ መጠቀም፥ መስኮት መክፈት፥ የላስቲክ ጓንት ማድረግ ግዴታ ነው። በረኪናን በባዶ የመጠጥ ውሃ ፕላስቲክ ገልብጦ ማስቀመጥም ሊፈቀድ አይገባም፤ የእንግዳ ልጅ ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላልና። ጓንቱንና ማጽጃውን በምልክቱ ማቅረብ ደግሞ የባለቤቱ ፈንታ ነው።

4ኛ. የወቅቱ መለዋወጥ

የቢሾፍቱ የማረፊያ ቤት ሥራ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። የፍጥነቱ መንገድ ጉዞውን ስለ አሳጠረ የአዲስ አበባ ሰው ዓርብ ማታ መጥቶ እሑድ ማታ ይመለሳል። መስቀል ካለፈ በኋላ በሚውለው እሑድ በሆራ ሐይቅ የኢሬቻ በዓል ሲከበር ከተማው በእንግዳ ይሞላል። በታኅሣሥና በጥር፥ እንደዚሁም ትምህርት በሚዘጋበት በክረምት፥ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከነቤተሰባቸው ይመጣሉ። በዐቢይ ጾም ደግሞ ሠርግ ስለማይኖር ሙሽሮችና አጃቢዎቻቸው ይቀራሉ፤ ቤቱም ጭር ይላል።

ከዚህ የምንማረው ሰው ሁሉ በሚያርፍበት ቀን ይህች ሴት በሥራ ላይ መሆንዋን ነው። የገና ዶሮ በእንግዳው ምድጃ ላይ ሲወጠወጥ፥ የእርስዋ ልጆች እናታቸውን እስከ ማታ ይጠብቃሉ። ጭር ባለው ወር ደግሞ አንዳንድ ባለቤቶች «እንግዳ የለም» በማለት ደመወዝዋን ግማሽ ያደርጋሉ። ሆኖም ሠራተኛዋ በዚያ ወር ፍራሽ ታናፍሳለች፥ መጋረጃ ታጥባለች፥ ቤቱንም ከሌባና ከእርጥበት ትጠብቃለች። እንግዳ ባይኖርም ሥራ አለ።

5ኛ. ሕጉ ስለ እርስዋ ምን ይላል?

ብዙ ባለቤቶች ይህችን ሴት እንደ ግል ቤት ሠራተኛ ይቈጥርዋታል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሽፋኑ ውጭ ያደረገው ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ነው። ቤትን ለእንግዳ እያከራዩ ገንዘብ ማግኘት ለትርፍ የሚካሄድ ሥራ እንደ መሆኑ፥ በዚያ ቤት የምትሠራው ሴት ከአዋጁ ጥበቃ ውጭ ናት ለማለት ምክንያት የለም። ይህን ከተረዳን የሚከተለውን ሒሳብ በቀላሉ እናገኛለን።

ሀ) የሥራ ሰዓት። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንትም ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በወር 26 የሥራ ቀን ብንቈጥር 208 ሰዓት ይሆናል። 4,160 ብር ለ208 ሲካፈል የአንዱ ሰዓት ዋጋ 20 ብር ነው።

ለ) ትርፍ ሰዓት። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፤ 30 ብር ይሆናል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራው በ1.75 ይባዛል፤ 35 ብር ይሆናል። በሳምንቱ የዕረፍት ቀን የተሠራው በ2 ተባዝቶ 40 ብር፥ በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራው ትርፍ ሰዓት በ2.5 ተባዝቶ 50 ብር ነው። እንግዳው ከአውሮፕላን ጣቢያ እኩለ ሌሊት ላይ ሲደርስ በር የምትከፍተው ሴት ይህ ሒሳብ ይገባታል።

ሐ) የዓመት ዕረፍት። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። 19 ዓመት ላገለገለች 16 እና 9፥ በድምሩ 25 የሥራ ቀን ይሆናል።

መ) ጡረታ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐቅድ በ2003 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ የተቋቋመ ሲሆን፥ አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፥ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። በምሳሌአችን ከሠራተኛዋ 291 ብር ከ20 ሳንቲም፥ ከባለቤቱ 457 ብር ከ60 ሳንቲም፥ በድምሩ 748 ብር ከ80 ሳንቲም በወር ይሆናል።

ሠ) ስለ ተሰበረ ዕቃ። እንግዳ የሰበረውን ብርጭቆ ከሠራተኛዋ ደመወዝ መቍረጥ የተለመደ ክፉ ልማድ ነው። ሕግ ወይም ፍርድ ቤት ካላዘዘ፥ የኅብረት ስምምነት ከሌለ፥ ወይም ሠራተኛዋ በጽሑፍ ካልተስማማች ከደመወዝ ሊቈረጥ አይችልም። ለተሰበረ ዕቃ መጠየቅ ያለበት እንግዳው ነው፤ ለዚህም ከእንግዳው መያዣ ገንዘብ መቀበል ይበቃል።

6ኛ. ቤቱ ሊሸጥ በሆነ ጊዜ

አሁን ወደ ምሳሌአችን ሴት እንመለስ። ባለቤቱ ሸምግሎ ቤቱን ሊሸጥ አሰበ እንበል። ገዢው ከጸሐፊው ጋር መጥቶ የዕቃውን ዝርዝር ይረከባል። 24 አንሶላ፥ 18 የትራስ ልብስ፥ 1 ጄኔሬተር፥ 1 የውሃ ሮቶ፥ ሹካው፥ ማንኪያው ሁሉ በቁጥር ተጽፎአል። ሴትዮይቱ በረንዳው ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ርክክቡ ሲያልቅ ቁልፎቹን ከመቀነትዋ ፈትታ «ጋሼ፥ ቁልፉን ለማን ላስረክብ?» ትላለች። ስለ ራስዋ ግን ምንም አትጠይቅም፤ የምትጠይቅበት ወረቀት የላትምና። ባለቤቱም ክፉ ሰው ስላልሆነ ያፍራል፤ ኪሱ ገብቶ የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣታል፤ «እኅቴ፥ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎም ያሰናብታታል። በእርሱ አሳብ ውለታውን መልሶአል።

ሕጉ ግን ጉዳዩን በውለታ አይለካውም። በመጀመሪያ፥ የድርጅት ባለቤትነት ወደ ሌላ ሰው መተላለፉ ብቻውን የሥራ ውልን አያቋርጥም። ገዢው ቤቱን ማከራየት ከቀጠለ የ19 ዓመት አገልግሎትዋ እንዳለ ይቀጥላል። ሁለተኛ፥ ኪራዩ ለዘለቄታው የሚዘጋ ከሆነና የጡረታ መብት ከሌላት የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባታል። ሒሳቡም እንደሚከተለው ነው። የቀን ደመወዝዋ 4,160 ለ26 ተካፍሎ 160 ብር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፥ ማለትም 4,800 ብር ይሆናል። ለሚቀጥሉት 18 ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፥ 1,600 ብር፥ በድምሩ 28,800 ብር ይደመራል። ጠቅላላው 33,600 ብር ነው። ይህም ሕጉ ጣራ አድርጎ ከወሰነው የ12 ወር ደመወዝ፥ ማለት ከ49,920 ብር፥ በታች ስለሆነ ሙሉው ይከፈላታል።

ባለቤቱ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ያልመዘገበው ነገር ቤቱ በተሸጠበት ቀን ዕዳ ከሜዳ ሆኖ ይመጣበታል። እርስዋም በበኩልዋ የ19 ዓመት ጉልበትዋን በምን ታስረዳለች? በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ስለዚህ ነው።

7ኛ. ሊዘጋጁ የሚገባቸው አራት ወረቀቶች

ይህን ሁሉ ለማስተካከል ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አራት ወረቀቶች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው የሥራ ውል ነው። ውሉ በቃል የተደረገ ቢሆን እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፍሬ ነገሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ አዋጁ ያዛል። ሥራው የተጀመረበት ቀን፥ የሥራው ዓይነት፥ ደመወዙና የሚከፈልበት ጊዜ ይጻፉ።

ሁለተኛው የሰዓት መዝገብ ነው። አንድ የትምህርት ቤት ደብተር ይበቃል። የገባችበትና የወጣችበት ሰዓት በየቀኑ ተጽፎ በሳምንቱ መጨረሻ ሁለቱም ይፈርሙበት። መጻፍ የማትችል ብትሆን የምታምነው ሰው ያንብብላት።

ሦስተኛው የደመወዝ መክፈያ ነው። የተከፈለው፥ የተቈረጠው፥ የጡረታው መዋጮ ተለይቶ ይታይበት።

አራተኛው የተረሳና የተሰበረ ዕቃ መዝገብ ነው። እንግዳው ሲወጣ የተገኘው ዕቃ፥ ቀኑ፥ ለማን እንደ ተመለሰ ይጻፍበታል። ይህ ወረቀት ባለቤቱን ከጥርጣሬ፥ ሠራተኛዋን ከሐሰት ክስ ያድናል።

መልመጃ። በወር 5,200 ብር የሚከፈላት ሠራተኛ በሳምንቱ የዕረፍት ቀንዋ 6 ሰዓት ሠርታለች። ምን ይከፈላታል? መልሱ፦ 5,200 ለ208 ሲካፈል 25 ብር፤ በ2 ሲባዛ 50 ብር፤ በ6 ሰዓት ሲባዛ 300 ብር ይሆናል።

ባለ ማረፊያ ቤት የሆነ ነጋዴ ሁሉ ዛሬ ማታ የሒሳብ መዝገቡን ከፍቶ «ለጽዳት» የሚለውን መስመር ይመልከት። በዚያ መስመር ፋንታ የሴትዮይቱን ሙሉ ስም፥ ሥራ የጀመረችበትን ቀንና የሰዓትዋን ዋጋ ይጻፍ። ማንኪያውን የቈጠረ እጅ ማንኪያውን የጠበቀችውን ሴት መመዝገብ አያቅተውም። ቁልፉን የምታስረክብበት ቀን ሲመጣም እርስዋ የድካምዋን ዋጋ የሚናገር ወረቀት በእጅዋ ይኖራታል፤ ባለቤቱም ያለ ሐፍረት ይሸኛታል።